ዝናር ሙሉ ነጠላ

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሴቶቹን እንዳሰለጥን ሲያዘኝ ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሰፈር የአንድ ወፍጮ ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ቀን ቀን ከዱቄት ጋር እታገላለሁ፣ ሲመሽ ደግሞ ከአይጥ ጋር። ከዚያ በፊት በንጉሡ ጊዜ ወታደር ነበርኩ፤ ያውም ተራ። ከጦሩ የወጣሁት ጉልበቴ ተሰብሮ ነው። የሰፈሩ ሰው ጥይት የመታኝ ይመስለው ነበር። የመታችኝ የስንቅ በቅሎ ናት።

ጊዜው የደርግ ነው። ሚሊሻ የሚባለው ነገር ተጀምሯል፤ እያንዳንዱ ቀበሌ ወደ ሰሜን የሚዘምት ሰው አምጣ ይባላል። ልክ ለዕድር እንደሚዋጣው፣ ያንተ ድርሻ ይህን ያህል፣ የሱ ድርሻ ያን ያህል። አንድ ጠዋት ሊቀመንበሩ ወፍጮ ቤቱ ድረስ መጣ። ከዱቄቱ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ኮቱን እያራገፈ፣

«ጓድ፣ ከላይ መመሪያ ወርዷል» አለኝ።

መመሪያ ምንጊዜም ከላይ ነው የሚወርደው። ከታች ወደ ላይ የወጣ መመሪያ በዕድሜዬ አላየሁም።

«ምን ይላል?»

«ሴቶች አብዮት ጥበቃ ውስጥ ይግቡ ይላል። ስንቅ ለማብሰል እንዳይመስልህ። መሣሪያ ይዘው፣ ኬላ ቆመው፣ መገናኛ ሆነው፣ ቁስለኛ አንስተው፣ አነጣጥረው ተኩሰው። እንደ ወንድ።»

«እንደ የትኛው ወንድ?» አልኩት። በቀበሌያችን ጥበቃ ውስጥ የነበሩትን ወንዶች አውቃቸዋለሁ። አንዱ በተረኛነቱ ሰዓት ተኝቶ ጫማውን ከእግሩ አውልቀው ሰርቀውታል።

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። የሱ ችግር ሳቅ የሚባል ነገር በመመሪያ አለመውረዱ ነው።

«ገምጋሚ ይመጣል» አለ። «ቡድኑ ካለፈ አንተ አሰልጣኝ ተብለህ እዚሁ ትቀራለህ። ካላለፈ ከሚሊሻው ድርሻችን አንድ ሰው ጎድሎናል።» እጁን ዘርግቶ ሰሜንን አሳየኝ። ያሳየኝ ወደ ጌጃ ሰፈር ነበር፤ አቅጣጫ አያውቅም። ነገሩ ግን ገብቶኛል።

እዚህ ላይ ጀግና ልሁን አልልም። መዝመት አልፈለግሁም። ጦርነት ምን እንደሚመስል ከሊቀመንበሩም ከሬዲዮውም በተሻለ አውቀው ነበር፤ ስለዚህ ፈራሁ። «እሺ» አልኩ። ያኔ ሴቶቹን የማሰለጥናቸው ለአብዮቱ ስል አልነበረም፤ ለቆዳዬ ስል ነው።

በማግስቱ ቀበሌው አዳራሽ ስደርስ ከፊት የቆመችው ሚስቴ ናት።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ተመዝግቤ።»

«ማንን አስፈቅደሽ?»

«ሊቀመንበሩን» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንተን ወደዚያ እንዳይወስዱህ ነው፣ ሞኝ። ባዕድ ሴት ብትሆን ላንተ ብላ በፀሐይ የምትቆም ይመስልሃል?» አለችኝ።

አሰልጣኝ መሆኔ ትዝ አለኝ። ስለዚህ «ቀጥ በይ!» ብዬ ጮህኩባት። ቀጥ አለች። በትዳራችን ውስጥ ያልኳትን ወዲያው ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነበር፤ የመጨረሻዋም እሷው ሳትሆን አትቀርም።

ከሷ ቀጥላ የቆመችው የቀድሞ አከራያችን ነበረች። እኛ ሁላችን እትዬ ነው የምንላት። ደልደል ያለች፣ የልጅ ልጆች ያሏት ሴትዮ ናት። የምታከራያቸውን ቤቶች መንግሥት ወርሶባት እኛ ተከራዮቿ ለቀበሌ መክፈል ከጀመርን ወዲህ ከኛ እኩል ሆናለች፤ እሷ ግን ይህን አታምንም። ለምን እንደተመዘገበች ስጠይቃት ዙሪያዋን አይታ፣ «ቤቴን ከወሰዱ ጠመንጃ እንኳ ይስጡኝ እንጂ» አለችኝ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። በዚያ ጊዜ ይህን ችሎታ ሁላችንም በደንብ ተምረነው ነበር።

ልምምድ የምንሠራው ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ሜዳ ነበር። መጀመሪያ መሣሪያ አልተሰጠንም፤ ዱላ ይዛችሁ ኑ ተባለ። አንዷ የመጥረጊያ እንጨት፣ አንዷ የድንኳን ምሰሶ፣ አንዷ ደግሞ የቡና ዘነዘና ይዛ መጣች። «ይሄ ያጥራል» ስላት፣ «ካጠረ ጠላት ጠጋ ይላላ» አለችኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ በሰላምታ አለቀ። ወታደር ሰልፍ ላይ አይንቀሳቀስም። እነሱ ግን አንዷ ዘግይታ ስትመጣ ሰልፉን አፍርሰው ሊስሟት ይሄዳሉ። ጉንጭ በጉንጭ፣ አንድ ጊዜም አይደለም፣ ሁለት ጊዜም አይደለም። ከዚያ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ባሏ ወገብ፣ ስለ ስኳር ወረፋ። እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ «ተጠንቀቅ!» እላለሁ።

«ይቅርታ አሰልጣኝ፣ እናቷ ታመውባት ነው እኮ!»

«ጠላት ሲመጣም እንዲህ ልትሳሳሙ ነው?»

«ጠላት የሰው እናት ታማ አይጠይቅም ብለህ ነው?» ትላለች እትዬ።

ቀጥሎ የካኪው ጣጣ መጣ። ልብስ ሲሰጣቸው ሱሪውን ለበሱት፤ ከላዩ ግን ቀሚስ ደረቡበት። «ቀሚሱን አውልቁ» አልኩ። እትዬ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጥታ፣

«እኔ ሱሪ ብቻ አጥልቄ በልደታ ደጃፍ ላልፍ ነው? ማርያም ምን ትለኛለች?» አለች።

«ማርያም ወታደር መሆንሽን ታውቃለች።»

«ማርያም ታውቃለች። ጎረቤት ግን አያውቅም።»

ድርድሩ ብዙ ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ሜዳ ላይ ሱሪ ብቻ፣ መንገድ ላይ ግን የፈለጉትን እንዲደርቡ ተስማማን። የጦር ስምምነት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

የሥራ ክፍፍሉ ደግሞ የጉድ ነበር። መመሪያው መገናኛ ይኑር ይላል፤ ሬዲዮ የለንም። ቆርቆሮ ሠሪው ጎረቤታችን ከእንጨት ሳጥን ሠርቶ ሽቦ አበጀለት። ሳጥኑን ለራሱ ሚስት ሰጠናት፤ የወሎ ሰው ናት፣ ፈጣን። እውነቱን ለመናገር ሳጥኑም አያስፈልጋትም ነበር። አንድ ወሬ ጠዋት ጠመንጃ ያዥ ከሰማች ሜክሲኮ አደባባይ ቀድሟት ይደርሳል። ቁስለኛ የሚያነሱት ደግሞ ለልምምድ እኔን ነበር የሚያነሱት። የታመመ ጉልበቴን ይዘው ሜዳውን ሲያዞሩኝ እየተሳሳቁ ሁለት ጊዜ ጥለውኛል፤ ሁለተኛውን ሆን ብለው ይመስለኛል።

እትዬን ኬላ ላይ አቆምናት። የመጀመሪያ ቀኗ ላይ ሊቀመንበሩ ራሱ ሊያልፍ መጣ።

«ቁም! መታወቂያ!»

«እትዬ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«አንተ መሆንህንማ አያለሁ። መታወቂያህ ግን አንተን የማይመስል እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

መታወቂያውን አወጣ። አገላብጣ አየችው፤ እንደኔው ማንበብ አትችልም፤ ግን ቁልቁል ይዛም ቢሆን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ኮቱን ደባበሰች። ከውስጥ ኪሱ ትንሽ የአረቄ ጠርሙስ ወጣች።

«ይሄስ?»

«ለእግሬ ቁርጥማት ነው።»

«እግርህ ነው ከጠርሙስ የሚጠጣው?» ብላ ጠርሙሱን ወደ ራሷ ኪስ አዛወረችው። «ለምርመራ ይቆያል።» ምርመራው ምን እንዳገኘ እስከ ዛሬ አልተነገረም።

ሚስቴ የአነጣጣሪነቱን ቦታ ያዘች። ይኼ ለኔ መራራ ነገር ነው፤ ለምን እንደሆነ ልንገር። ሊቀመንበሩ ለስልጠናው የሚሆን መጽሐፍ ሰጥቶኝ ነበር። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው። እሷ ግን በመሠረተ ትምህርት ቀድማኝ ነበርና፣ ከሥራ ስገባ ከእራት በፊት መጽሐፉን ከፍታ ታነብልኛለች። ክላሽ እንዴት እንደሚፈታ፣ እንዴት እንደሚገጠም፣ ሲተኮስ ትንፋሽ እንዴት እንደሚያዝ። እኔ የማውቀው ያሮጌውን ጦር ጠመንጃ ነው። ስሳሳት፣

«እዚህ እንዲህ አይልም» ትላለች።

«መጽሐፉ ተሳስቷል።»

«መጽሐፉ ሥዕልም አለው።»

«ሥዕሉም ተሳስቷል።»

ከዚያ በኋላ እሷ ልምምዱን አጥብቃ ያዘችው፤ እኔ ደግሞ መጮሁን ያዝኩ። በኔ እምነት ጥሩ የሥራ ክፍፍል ነበር።

መሣሪያው ሲመጣ የተሰጠን አንድ ክላሽና የዕቃ ግምጃ ቤት ሽታ የጠገቡ አሮጌ ጠመንጃዎች ነው። ጥይት አልተሰጠንም፤ ቀበሌው ሴቶቹን ገና አላመናቸውም። የጥይት ካዝና የሚገባባቸው ሰፋፊ ኪሶች ያሉት የሸራ ዝናር ግን ለሁሉም ታደለ። «ዝናሩ ባዶ ነው» ስለው ሊቀመንበሩ፣ «ለመልኩ ይታጠቁት» አለኝ።

የግምገማው ቀን ደረሰ። ገምጋሚው ሜክሲኮ አቅራቢያ ባለ ሜዳ ላይ ሊጠብቀን ነው፤ እኛ ከአዳራሹ ተነስተን በጌጃ ሰፈር ውስጥ አቋርጠን በሰልፍ እንደርሳለን። ያን ጠዋት ሴቶቹን ሳያቸው፣ እንዲህ ማለት አልወድም ግን ደስ አለኝ። ቀሚሱን እንኳ ትተውታል። ካኪያቸው ተተኩሷል፣ ጠመንጃቸው ተወልውሏል፣ ዝናራቸው ጥይት የሞላው ይመስል ወፈር ወፈር ብሏል። ለምን እንደወፈረ አልጠየቅሁም። ሕዝብ ከየበሩ ወጥቶ ያያል። አንዲት ሴት እልል ስትል፣ አንድ ሰካራም ደግሞ «ምነው ሚስቴን ብትወስዱልኝ!» ብሎ ጮኸ። ሚስቱ ሰልፉ ውስጥ ነበረች፤ ቀና ብላ ስታየው ወደ ቤቱ ገባ።

ልቤ በሰላም አልፈን እንድንደርስ ብቻ ይጸልያል። እስከ ዋናው መንገድ ደርሰን ግራ ብንታጠፍ አለቀ፤ እዚሁ ልደታ እቀራለሁ። ልክ ያኔ ከመንደሩ ውስጥ ኡኡታ ተሰማ።

የዕድር ድንኳን ነበር። መንገዱን ገሚሱን ይዞ ተተክሏል፤ አግዳሚ ወንበሮች እየተደረደሩ ነው። ሰልፉ ሳላዘው ቆመ። እትዬ ከፊት መስመር ላይ አንድ መንገደኛ ጠርታ፣

«ማነው?» አለች።

«የቦኖው አባባ ናቸው። ጎህ ሲቀድ አረፉ።»

የቦኖው አባባ የቧንቧ ውሃ የሚከፍቱልን ሽማግሌ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ክፉ ሰው ነበሩ። እንስራ ተደርድሮ፣ ወረፋ ደርሶ፣ ልክ ያንቺ ተራ ሲሆን ቧንቧውን ቆልፈው ምሳ የሚሄዱ። በሰልፉ ውስጥ ካሉት ሴቶች እሳቸውን ያልረገመች አልነበረችም። እትዬ በተለይ ለሳቸው ብቻ የሚሆን እርግማን ነበራት፤ እዚህ የማይጻፍ። ስለዚህ እፎይ አልኩ። «ወደ ፊት!» አልኩ።

ማንም አልሄደም።

«ወደ ፊት ሂድ!»

«የሰፈር ለቅሶ ረግጬ አልሄድም» አለች እትዬ።

«ሴትዮ፣ ገምጋሚ ቆሞ እየጠበቀን ነው!»

«ገምጋሚው አልሞተም። ይጠብቅ።»

ሚስቴን አየኋት። «አንቺ እንኳ?» በዓይኔ ሰሜንን አሳየኋት። ገብቷታል፤ ፊቷ ላይ አይቻለሁ፤ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ግን፣ «ነገ እኛ ቤት ቢሆን ማን ይመጣልናል?» አለችኝ።

ከዚያ የሆነውን ላስረዳ። የዝናር ኪሶች ተከፈቱ። ከየኪሱ፣ ጥይት መግባት ከነበረበት ቦታ፣ ተጣጥፎ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ነጠላ ወጣ። ከሁሉም! እንደ አንድ ሰው ዘረጉት፣ ጥበቡን ወደ ላይ አደረጉት፣ እንደ ለቅሶ ደንቡ አጣፉት፤ ካኪው ሁሉ ነጭ ሆነ። ለካ በየቀኑ ልምምድ ሲመጡ ይዘውት ነው የሚመጡት። ሰው በድንገት ይሞታላ! ለድንገተኛ ጠላት አንድ ጥይት ያልያዘ ጦር ለድንገተኛ ለቅሶ ግን እስከ አፍንጫው ታጥቋል። ወሎዬዋ እንኳ የመገናኛ ሳጥኗን ከፍታ ከውስጡ ንጹሕ ሻሽ አወጣች።

«ወደ ቀኝ ዙር!» አለች ሚስቴ።

ዞሩ። ያን ሁሉ ወር ያን ትእዛዝ እኔ ስሰጥ ገሚሱ ወደ ግራ፣ ገሚሱ ወደ ቤቱ ነበር የሚዞረው። ያን ቀን እንደ አንድ በር ዞሩ። የጠመንጃውን አፈሙዝ ወደ መሬት ደፉ፤ ያን እኔ አላስተማርኳቸውም። ድንኳኑ በር ላይ ሲደርሱ ሚስቴ ጠመንጃዋን ትከሻዬ ላይ አንጠለጠለችው።

«ጠመንጃ ይዞ ለቅሶ አይገባም። ያዝ።»

ቀጣይዋም አንጠለጠለች። ቀጣይዋም። በቀኝ ትከሻዬ፣ በግራ ትከሻዬ፣ አንገቴ ላይ፣ ክንዴ ላይ፣ ብብቴ ውስጥ። እትዬ የሷን በሁለት ክንዴ ላይ እንደ ሕፃን አስተኛችው። ወሎዬዋ ሳጥኗን እግሬ ሥር አኖረች። ከዚያ ሁሉም «ወይኔ አባባ! ወይኔ አባታችን!» እያሉ ገቡ።

ልሂድና ለሊቀመንበሩ ልናገር? የመንግሥት መሣሪያ መንገድ ላይ ጥሎ የሄደ ሰው ሰሜን ቢላክ እንደ ይቅርታ ይቆጠርለታል። ተሸክሜ ልሂድ? ጉልበቴ! መቀመጥም አልቻልኩም፤ ከተቀመጥኩ ማን ያነሳኛል? እንደ ልብስ መስቀያ ቆምኩ። በድንኳኑ ሸራ ክፍተት ውስጡን አያለሁ። እትዬ መሃል ወጥታ ደረቷን እየመታች፣

«የቦኖው አባባ፣ ወረፋ አስከባሪው፣
ወረፋው ሳይደርስ ማነው የጠራው?»

ስትል ድንኳኑ በለቅሶ ተናጠ። ያቺ እትዬ! ባለፈው ሳምንት እንስራዋን ሊወረውሩባት ሲሉ «ቧንቧው ላይ ይድፋዎት» ያለቻቸው ናት።

የዕድሩ አስተናጋጅ ንፍሮ ይዞ ወጣ። እኔንም እንደ ለቀስተኛ ቆጥሮኝ እፍኝ ንፍሮ ዘረጋልኝ። እጅ የለኝም። አየኝ፣ ጠመንጃዎቹን አየ፣ አዘነልኝ መሰለኝ አፌ ውስጥ ጨመረልኝ። ሁለተኛም ጨመረ። ሦስተኛውን እያጎረሰኝ ሳለ አንዲት ጂፕ መጥታ ቆመች።

ሊቀመንበሩ ከኋላ ወረደ። ከፊት የወረደችው ሴት ናት። ቀጭን፣ ረጅም፣ የመቶ አለቃ ማዕረግ ያላት፣ ቆቧን ወደ ጎን ያዘነበለች። ገምጋሚው ከሰሜን በቅርቡ የመጣ መሆኑን ቀድመው ነግረውናል፤ ሴት መሆኗን ግን ማንም አልነገረንም። ሊቀመንበሩም እስከዚያ ጠዋት ያላወቀ ይመስለኛል፤ ላቡ ይንጠባጠባል።

«ቡድኑ የት አለ?» ብሎ ጮኸብኝ።

አፌ በንፍሮ ተሞልቷል። በአገጬ ድንኳኑን አሳየሁት።

«ለቅሶ?! በግምገማ ሰዓት ለቅሶ?! ጓድ መቶ አለቃ፣ ይህ በፍጹም የቀበሌያችን አሠራር አይደለም። ይህ ሰው ዛሬውኑ ይዘምታል...»

መቶ አለቃዋ አልሰማችውም። ድንኳኑን እየሰማች ነበር። ሱሪዋን ቁልቁል አየች፤ ቆቧን አወለቀች። ሚስቴ ደግሞ የመኪናዋን ድምፅ ሰምታ ወደ በሩ ወጥታ ነበር። ቀጥ ብላ ሰላምታ ሰጠች፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች።

«ትርፍ ነጠላ አለሽ?» አለቻት መቶ አለቃዋ።

«አለ ጓድ መቶ አለቃ።» ከግራ ዝናሯ አወጣች። ለካ ትርፍም ይዛለች!

ገባች። ያለቀሰችው ለቅሶ ግን የሌሎቹ ዓይነት አልነበረም። ለቦኖው አባባ አልነበረም፤ አታውቃቸውም። ስም አልጠራችም፣ ማንም አልጠየቃትም። እትዬ ሄዳ አቀፈቻት። እኔ ከውጭ ቆሜ ስለ ሰሜን ከዚያ በላይ መስማት አላስፈለገኝም። ሊቀመንበሩ ከኋላዬ አፍንጫውን ተናፈጠ። ይኼን ስጽፍ ላመሰግነው አይደለም፤ ብቻ ተናፍጧል።

ስትወጣ ፊቷን ጠርጋ፣ ቆቧን አድርጋ ወደ እኔ መጣች።

«አሰልጣኙ አንተ ነህ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ዋጥና መልስ።»

ዋጥኩ። «ነኝ።»

«ማን ፈቀደላቸው?»

እዚህ ላይ «እኔ» ብል ጥፋቱ የኔ ነው። «በገዛ ራሳቸው» ብል ቡድኑ ወደቀ። ሁለቱም መንገድ ሰሜን ያደርሳል። ስለዚህ እውነቱን ተናገርኩ፤ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም።

«ማንም። ቢታዘዙኝ ኖሮማ አልፈነው ነበር። አይታዘዙኝም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታዘውኝ አያውቁም።»

«ታዲያ ውስጥ እንደሰማሁት በአንድ ላይ ዞረው፣ መሣሪያ ደፍተው፣ በር ላይ አስቀምጠው የገቡት በማን ትእዛዝ ነው?»

«በሚስቴ» አልኩ፤ ስናገረው አንደበቴ ጎመዘዘ።

አሰለፈቻቸው። ነጠላቸውን እንደለበሱ። «ዝናር ክፈት!» አለች። ሁሉም ከፈቱ፤ ሁሉም ባዶ።

«ጥይታችሁስ?»

እትዬ፣ «አልተሰጠንም ልጄ። ባዶውን ከምንይዘው ነጠላ እንክተትበት ብለን ነው» አለች።

መቶ አለቃዋ ቀስ ብላ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች። ሊቀመንበሩ ወደ ሰማይ ዞረ።

ክላሹን ከአንገቴ ላይ አወጣችና ለሚስቴ ሰጠቻት። «ፍቺና ግጠሚ።» ሚስቴ ነጠላዋን የዕድሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘረጋች። ፈታችው። ብረቶቹን በተርታ ደረደረች። ገጠመችው። ምንም አልተረፈም፤ እኔ ስገጥመው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይተርፈኛል። ለቀስተኞቹ ሁሉ ወጥተው ያዩ ነበር። የሟች ልጅ እንኳ «ጎበዝ!» አለ፤ ከዚያ ማዘን እንዳለበት ትዝ አለውና ዝም አለ።

«አልፈዋል» አለች መቶ አለቃዋ። «የቡድኑ አዛዥ ይቺ ናት። ጥይት ይሰጣቸው።»

ሊቀመንበሩ ቶሎ ብሎ፣ «እርግጥ ነው ጓድ መቶ አለቃ። ታዲያ አሰልጣኝ ከእንግዲህ አያስፈልግም ማለት ነው። ይህ ሰው የሚሊሻውን ድርሻ...» አለ። ደስታው ከአፉ ይንጠባጠባል። ሚስቴ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ልትወጣ ስትል መቶ አለቃዋ በእጇ አቆመቻት። ወደ እኔ ተጠጋች። ዙሪያዬን ዞራ አየችኝ፤ እንደሚሸጥ በሬ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የቆምከው?»

«ንፍሮው ሳይበስል ጀምሮ።»

«አንዱንም አልጣልክም?»

«የት ልጣለው?»

ከንፈሯ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። «ይሄ ሰው ለማጥቃት አይሆንም» አለች። «ለመከላከልም አይሆንም። ለመስቀያ ግን ጥሩ ነው። የመሣሪያ ግምጃ ቤት ይጠብቅ። በአዛዥዋ ሥር።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ በለቅሶ ቤት ደጃፍ። እትዬ በተለይ ጠመንጃዋን ልትወስድ መጥታ ሳቋ አላስወስዳት አለ። ተቆጣሁ። ዛሬም ስጽፈው እቆጣለሁ፤ ሰው እንጂ መስቀያ አይደለሁም። ግን አፌን ዘጋሁ። የዘጋሁበትን ምክንያት ሁሉም ያውቀዋል።

ሊቀመንበሩ ድርሻውን ከሌላ ቦታ ሞላ። እነማን እንደሄዱ አውቃለሁ። አንዱ ጫማውን የሰረቁት ያ ዘበኛ ነው። አልተመለሰም። ስለሱ ቀልድ አለኝ፤ አልናገረውም።

እኔ የግምጃ ቤት ጠባቂ ሆንኩ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ከአዛዤ የወረደው ወዲያውኑ ነበር፤ ማንበብ የማይችል ሰው መሣሪያ ቤት አይጠብቅም ተባልኩ። ከልጅ እስከ አዛውንት ከተሰበሰበበት የቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ክፍል ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «ሀ» ስል እትዬ ከጎኔ ሆና «ሁ» ትላለች፤ ሁለታችንም ያኔ ነው የጀመርነው። እሷ ግን ከኔ ቀድማ ጨረሰች፤ ጨርሳም የሊቀመንበሩን መታወቂያ በቀናው በኩል ይዛ አነበበችው።

ከግምገማው በኋላ ባለው ሰኞ ሚስቴ ካኪዋን ለብሳ፣ ዝናሯን ታጥቃ ከቤት ልትወጣ ስትል፣

«እራትስ?» አልኳት።

በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። «ልምምድ አለብኝ። ሽሮውን ጣድ፣ አማስለው፣ እስክመጣ ጠብቀኝ።»

«ይሄ ትእዛዝ ነው?»

«ምን ይመስልሃል?»

ከመስኮቱ ሆኜ አየኋት፤ ከእትዬ ጋር እየሳቁ ወደ ሜዳው ወረዱ። ሽሮውን ጣድኩ። አረረ። ሰሜን ግን አልሄድኩም።